ለቅሶ ላይ ያልተቆጠረው አቢሶ

ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ
መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

«የአቶ ምሕረቱ ልጅ ፅናት በአባቷ፣ በአያቷ በአቢሶ፣ በቅድመ አያቷ በዴታሞ በኩል ስትቆጠር ስድስተኛው ላይ ከሁለቱም ዘር አባት ከላሬቦ ትደርሳለች። የአቶ ሀቢሶ ልጅ ዮአብ ደግሞ አምስተኛው ላይ ከላሬቦ ይደርሳል። ስለዚህ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው። ሰባት ትውልድ ሳይሞላ መጋባት ነውር በመሆኑ ይህን ጋብቻ ከልክለናል።»

ለአክስቴ ለወይዘሮ አማረች፣
የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከቤትዎ ጋር ይሁን። ጉልበትዎ እንደተሻለዎት፣ ክረምቱም በደህና እንደወጣልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ከላይ ያለው ከሽማግሌዎች የደረሰኝ ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከታች የፈረሙት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዓብዩና ሌሎች አራት ሰዎች ናቸው። የጻፈው እጅ ግን የእርስዎ ነው። እኔ ፊደል የለየሁት በእርስዎ የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ በሺህ ደብዳቤ መሐል ባገኘው አይጠፋኝም።

አሁን ልጠይቅዎት። አያቴ ዴታሞ በ1974 ሲሞቱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለቅሶው ላይ አቶ ዓብዩ ቆመው የሟቹን ወንዶች ልጆች በስም ጠሩ። ልጆቹ አምስት ነበሩ፤ አራቱን ጠሩ። አባቴ አቢሶ፣ በዚያ ቤት ያደገው የበኩር ልጅ፣ ከፊት ቆሞ ስሙን ሲጠብቅ ዘለሉት። ማንም «አንድ ቀረ» አላለም። እርስዎም እዚያው ነበሩ። አባቴ በመንገድ ላይ «ቀዩ አቢሶ»፣ «የፈረንጁ» ሲባል ኖሮ፣ ያን ቀን ደግሞ በአደባባይ ተረጋገጠለት።

ታዲያ ለቅሶ ላይ ያልተቆጠረ ሰው ሠርግ ላይ እንዴት ተቆጠረ? አባቴ የዴታሞ ልጅ ከሆነ ያን ቀን ለምን ተዘለለ? ካልሆነ ደግሞ ልጄ በምን ሒሳብ የዮአብ እህት ሆነች?

ፅናት ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ዮአብ ዛንድስፕሩት ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው፤ ሁለት ጊዜ ተዘርፎ ሁለት ጊዜ ከፍቷል። ሂልብሮው ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጋር አብረው ሲዘምሩ ነው የተዋወቁት። ደብዳቤያችሁ ከመጣ ወዲህ እሱ ልምምድ አይመጣም፤ እሷም ምግብ አትበላም። ትናንት «አባዬ፣ እውነት ወንድሜ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳት።

የአባቴ አባት ማን ነው? እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በጽሑፍ ይመልሱልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎት ሽኩር ነው፤ እዚህ ጎኔ ጨርቅ የሚነግድ የወራቤ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ ቴሌግራም እያለ ወረቀት ታሸክመኛለህ?» ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። በስልክ የተባለ ነገር ነገ አልተባለም ይባላል አልኩት።

ምሕረቱ አቢሶ


ሆሳዕና
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረቱ፣
ባለህበት ጌታ በክንፉ ይጋርድህ። ባለቤትህን፣ ፅናትንም በስሜ ሳምልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣም ብሎ እንሰቱ ውኃ ጠግቧል፤ ጤፉ ግን ተጎዳ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተቀየረ። ጉልበቴ ያው ነው። በሽኩር የላክኸው ቅባት ጥሩ ነው፤ ሲመቸው ሌላ ይዞልኝ ቢመጣ አልጠላም።

ደብዳቤህን አነበብኩት። እንደ ድሮው ነህ፤ ተማሪዬ ሳለህም ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱን እስክሰጥህ አትቀመጥም ነበር። ልጄ፣ የሞቱ ሰዎችን ነገር ማንሣት ምን ይጠቅማል? አቶ ዓብዩ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በክፋት ያደረጉት አይምሰልህ። እኔም የጻፍኩት የተባልኩትን ነው።

ፅናት ገና ልጅ ናት፤ ጌታ ያዘጋጀላት ይኖራል። ፎቶዋን ላክልኝ። መዝሙር ስትዘምር የተነሣችው ካለ እሱን ላክ።

አክስትህ አማረች


ጆሃንስበርግ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አማረች፣
እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ቅባቱን ሁለት አድርጌ ልኬያለሁ። ፎቶውንም ልኬያለሁ። ለጥያቄዬ ግን አልመለሱልኝም። ስለ ጤፍ አልጠየቅኩም።

እርስዎ ዝም ስላሉ እኔ ራሴ ልፈልግ ተነሣሁ። አባቴ ሲሞት የተረከብኩት ሣጥን ውስጥ አንድ ከነሐስ የተሠራ የግንበኛ ውኃ ልክ ነበር። ጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ «ደብልዩ. ጌዴስ፣ ዳንዲ» የሚል ተቀርጾበታል። ዳንዲ የስኮትላንድ ከተማ ነው። ከሆሳዕና ገበያ በታች ያለውን ድልድይ በ1933 ከጣልያን በኋላ የሠሩት ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች እንደነበሩ ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። ጌዴስ ከእነሱ አንዱ ከሆነ ስሙ የሚገኘው እዚህ ነው አልኩ። ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ ሦስት ሳምንት መዝገብ ቤት ተመላለስኩ።

የሟቾችን መዝገብ የምታወጣው ሴት ኖምሳ ትባላለች። ስሙን ጽፌ ሰጠኋት።
«ባባ፣ ይህ ሰው ምንህ ነው?»
«አያቴ ሳይሆን አይቀርም።»
ወረቀቱን አየች፣ ፊቴን አየች። «ስኮትላንዳዊ? አንተ?»
«አዎ።»
«ኤሽ! እንግዲያው እኔም የንግሥቲቱ እህት ነኝ» ብላ ባልደረቦቿን ሁሉ ጠራች። ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅኩም። በአራተኛው ቀን ግን ፋይሉን ይዛ ስትመጣ እሷም አልሳቀችም። ገልጣ ፊቴ አስቀመጠችና «ባባ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው» አለችኝ።

ዊልያም ጌዴስ በ1908 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዳንዲ ተወለደ። እዚያ ጆንያ የሚሸመንበት ፋብሪካ ነበር፤ እሱም አባቱም የማሽን ጠጋኞች ነበሩ። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ በሃያ አንድ ዓመቱ በመርከብ ወደ ኬፕታውን፣ ከዚያ በባቡር ወደ ጆሃንስበርግ መጣ። ወርቅ ማውጫ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ኖረ። ጦርነቱ ሲመጣ ከመንገድ ሠሪ ጦር ጋር ወደ እኛ አገር ሄደ። በዓመቱ ተመለሰ። በ1967፣ በእኛ 1959፣ ከሱቄ በእግር ሃያ ደቂቃ በማያስኬድ ሰፈር፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ሞተ።

አሁን የምጽፍልዎትን በትዕግሥት ያንብቡት። ሲሞት ቅጹን የሞላችው ያከራየችው ሴት ናት። ቅጹ ያገባ ወይስ ያላገባ ብሎ ይጠይቃል። «ያገባ» ትላለች። የሚስት ስም? «ኤርጎጌ»። ጋብቻው የተፈጸመበት? «አቢሲኒያ፣ ድልድዩ አጠገብ»። ልጆች? «አንድ። ወንድ ይሁን ሴት አላወቀም»።

ሃያ አምስት ዓመት ብቻውን የኖረ ሰው አያቴን ለአከራዩ «ሚስቴ» ብሎ ነግሯል። የቅጹን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤልዎታለሁ። ማኅተም አለበት።

ይህን ወረቀት ለዮአብ አባት ለአቶ ሀቢሶ ብልክ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የፈረንጅ ወረቀት ነው ይላሉ። ሽማግሌዎች የሚሰሙት ሰው ሲመሰክር ነው። አያቴ ኤርጎጌን ያስታመመቻት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እርስዎ። የሚያውቁትን ካልተናገሩ ፅናት ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ሰው ወንድሟ ይሁን አይሁን ሳታውቅ ትኖራለች። ዮአብ ወደ ኬፕታውን ሊሄድ ሱቁን ለሽያጭ አቅርቧል።

ምሕረቱ


ጆሃንስበርግ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣
ሽኩር ደብዳቤውን በእጅዎ እንደሰጠዎት ምሎልኛል። «አነበቡት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው አልወጡም፤ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ሆነ። ታመው ከሆነ ይንገሩኝ። ተቆጥተው ከሆነም ይንገሩኝ። ዝም አይበሉኝ እንጂ የሚሉትን ሁሉ እቀበላለሁ።

ምሕረቱ


ሆሳዕና
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምሕረቱ፣
የእናቴ አምላክ ይባርክህ። አልታመምኩም፣ አልተቆጣሁምም። ያን ወረቀት ይዤ ከረምኩ። «ሚስት፦ ኤርጎጌ» የሚለውን የእንግሊዝኛ መምህሩን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። አራተኛ ስጠይቀው «እማማ፣ አልተቀየረም እኮ» አለኝ።

ለሰባ ዓመት ያፈርኩት ያለ ምክንያት ኖሯል። እናቴ ሁልጊዜ «እሱ ሽማግሌ ልኮ ነው የወሰደኝ» ትለኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ከሚሠሩት ውስጥ ሦስት ሰዎች መርጦ አባቷ ዘንድ ላከ፤ ከሦስቱ አንዱ የሥራው አለቃ የነበረው አባቴ ዴታሞ ነው። አባቷ መርቆ ሰጣት። በዓመቱ ጦሩ ተጠርቶ ሄደ። አቢሶ ገና በሆዷ ነበር። ዓመት ጠበቀች፣ ሁለት ዓመት ጠበቀች። ከዚያ ዴታሞ «በሽምግልና ያጋባኋትን ሴት ሜዳ ላይ አልጥላትም» ብሎ አገባት። እኔ ይህን ባምንም ሰው ግን ያለ ሠርግ ወለደች ነው የሚላት። ዝም ካልኩ የዴታሞ ሚስት ብቻ ተብላ ትቀራለች ብዬ ዝም አልኩ።

ስለ ለቅሶው አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው። ሌላውን የሰማሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሊሞት ሲል ዓብዩን አስጠርቶ «አቢሶን በእኔ ላይ አትቁጠሩት» አለው። ዓብዩ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ወጣ። እኔ አባቴን ጠየቅኩት። እንዲህ አለኝ፦ «አደራ ነው። አባቱ አንድ ቀን ቢመጣ፣ ልጄን አሳድግልኝ አልኩህ እንጂ ውሰደው አልኩህ ወይ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? የሰው ዘር አላጠፋም።» በአደራ የተቀበልኸውን ልጅ አጉርሰህ፣ አልብሰህ፣ ድረህ ታሳድገዋለህ፤ በስምህ ግን አትቆጥረውም፤ ከአባቱ መንጠቅ ነውና። ዴታሞ ያን ቀን አቢሶን አላዋረደውም። ለአባቱ ነው ያስቀመጠው። ይህን ለአቢሶ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ይቅር በለኝ።

አሁን ደግሞ የዓብዩን ስማ። እሱ እዚያ ለቅሶ ላይ አቢሶን ሲዘል ሰውን ያስነወረ መስሎት ለአርባ ዓመት እንቅልፍ አጥቷል። የፅናት ነገር ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ «ዘንድሮ አቢሶን ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ» አለ። ዴታሞ ላይ ቆጠረው። እኔን ጻፊ ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አሁን ምሕረቱ ይደሰታል» አለኝ። ምን ልበለው? ጻፍኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም በተሰበሰቡበት ቆሜ የጻፍኩልህን ሁሉ ተናገርኩ። ሴት ቆማ ስትናገር አልለመዱም፤ አንዱ «እትዬ፣ ቁጭ ብለሽ አትናገሪም?» አለኝ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆሜ አስተምሬሃለሁ» አልኩት። ዓብዩ ሰምቶ ሲጨርስ ኮፍያውን አወለቀ። «እና እኔ ያን ቀን ልክ ነበርኩ?» አለ። ልክ ነበርክ አልኩት። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሀቢሶ «ልጅቷ ከላሬቦ ካልሆነች ከማን ናት? ሰባት የማትቆጥር ልጅ ለልጄ አልቀበልም» አለ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። አራት አላት፤ ፅናት፣ ምሕረቱ፣ አቢሶ፣ ዊልያም። ሦስት ስም ፈልግ። ቅባቱ ይቆየኝ፤ እሱ የተቀበረበት ቦታ ካለ ፎቶውን ላክልኝ።

አማረች


ጆሃንስበርግ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣
ሰላምና ምስጋና ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ደንበኞች ነበሩ። አንዷ «ባባ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ፤ ወንበር ሰጡኝ። ለአባቴ መቃብር የምነግረው ነገር አገኘሁ። ስለ አቶ ዓብዩ ለአርባ ዓመት ያሰብኩትን ሁሉ አንስቻለሁ፤ ይህንንም በጽሑፍ ለእሳቸው ለብቻቸው ልኬያለሁ።

ሰባቱ እነሆ። ዳንዲ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ የሚያነቡ በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ አግኝቼ ለአምስት ሳምንት ተጻጻፍን። የዊልያም አባት ጀምስ፣ የጆንያ ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ። የጀምስ አባት ዴቪድ፣ ሸማኔ። የዴቪድ አባት ጀምስ፣ በወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ። ፅናት፣ ምሕረቱ፣ አቢሶ፣ ዊልያም፣ ጀምስ፣ ዴቪድ፣ ጀምስ። የእያንዳንዱ የጥምቀት መዝገብ ቅጂ ተያይዟል፤ ከሰባቱ ውስጥ ላሬቦ የለም።

መቃብሩንም አገኘሁት። ከቁጥር በቀር ምንም አልተጻፈበትም፤ ሣር ውጦታል። ፅናትና ዮአብ አብረውኝ ሄዱ፤ ዮአብ ሳይጠየቅ ሣሩን አጨደ። ፎቶውን ይመልከቱት።

ምሕረቱ


ሆሳዕና
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣
ጌታ የሠርጉን ቀን ያሳምርልህ! ሰባቱን ዛሬ አነበብኩላቸው። ሀቢሶ ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር ሰባተኛው ላይ ቆመ። «ጀምስ ሁለቴ መጣ። አንዱን ደግሞ ነው ሰባት የሞላው!» አለ። ፈረንጆች የልጅ ልጅን በአያቱ ስም ነው የሚጠሩት ብዬ አስረዳሁት። «ስም አጥሯቸው ነው እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ዓብዩ «ሸማኔ፣ ጀልባ ቀዛፊ፣ ድልድይ ሠሪ፤ ሠርተው የበሉ ሰዎች ናቸው፤ ምን ጎደለ?» አለ። ከዚያ ሀቢሶ ራሱ ተነሥቶ መረቀ። የፈቃዱ ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ፤ ስድስት ሰዎች ፈርመዋል። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ።

አማረች


ጆሃንስበርግ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎት፤ አሁንስ እፎይ አልኩ።

ፅናት የፈቃዱን ደብዳቤ ስታነብ ሁለት ሳህን የቀይ ሥር ወጥ በላች። ዮአብ ሱቁን ከሽያጭ አውርዷል። ባለፈው እሁድ ልምምድ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲዘምሩ መሪው «ዛሬ ድምፃችሁ በዛ፤ ዝቅ አድርጉ» አላቸው። ሠርጉ ሐምሌ 19 እዚህ ጆሃንስበርግ ይሆናል፤ የዮአብ ወረቀት ገና ስላልተስተካከለ ከአገር መውጣት አይችልም።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ሠርጉ ላይ የሙሽራዋ ዘር ይቆጠራል፤ ይህ በፈቃዱ ደብዳቤ ላይ አቶ ሀቢሶ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ነው። በደንባችን የሚቆጥረው ወንድ ነው። አቶ ዓብዩ ከፈቃዱ ደብዳቤ ጋር በላኩልኝ ወረቀት «እኔ አንዴ ቆጥሬ አርባ ዓመት አልተኛሁም፤ ይህን የምትቆጥረው አማረች ናት» ብለው በፊርማቸው ጽፈውልኛል። እኔም የሚቆጥር ሌላ ሰው አልፈልግም። ከሰባቱ ስሞች ውስጥ ዊልያምን ሽማግሌ ልኮ ያገባ ባል አድርጎ የሚጠራ ከእርስዎ በቀር ማንም የለም።

ፓስፖርትዎ የሚያገለግል መሆኑን ሽኩር አረጋግጦልኛል። የጥሪ ደብዳቤውንና የቪዛ ማመልከቻውን የማስገባው ግንቦት 29 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለሠርጉ አይደርስም። ጉልበቴ፣ ዕድሜዬ፣ የአውሮፕላን ፍርሃቴ የሚሉ መልሶችን አልቀበልም። ጌታ ያውቃል የሚልም መልስ አይደለም። መጥተው ይቆጥሩልን እንደሆን አዎ ወይም አይ ብለው፣ በወረቀት፣ በፊርማዎ፣ እስከ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ይመልሱልኝ።

ምሕረቱ አቢሶ ዊልያም